ከእንግሊዝ የመጣችልኝ ቬፕ፦ ለዕለት ዕለት ትሆናለች ወይስ ከእጅ አይሻል ዶማ ናት?

ሞተረኛው (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ወገን። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ጀልባ ነው። ጠዋት እንግዳ ወደ ዘጌ አደርሳለሁ። ከሰዓት የራሴንም የሰውንም ሞተር እፈታለሁ። ዕድሜዬ 43 ነው። ሲጋራ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው። በቀን 15 ፍሬ ኒያላ ይበቃኛል። እንግዳ የጠፋ ቀን ግን ፓኮው ያልቃል። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ከሥራ በላይ ያስጨሳል።

ታዲያ ከወር በፊት የቤንዚን ቱቦ ልነቅል ጎንበስ ስል ሲጋራው ከንፈሬ ላይ ነበር። ረስቼዋለሁ። ረዳቴ 19 ዓመቱ ነው፤ እንደ ልጄ ነው የማየው። ምንም ሳይናገር አፌን በመዳፉ መታኝና ሲጋራው ጣና ውስጥ ገባ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ከቱቦው የሚንጠባጠበውን ቤንዚን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ይህን እንግሊዝ ላለችው እህቴ በስልክ አወራኋት። እሷም አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ይቺን ቬፕ የሚሏትን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ላከችልኝ። ፈሳሹ ሲያልቅ የሚጣለው ዓይነት እዚያ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንዳይሸጥ ታግዷል አለችኝ። ስለዚህ እየተሞላች የምትሠራ፣ ባትሪውም ታንከሩም በአንድ አካል የሆነ፣ ኦል ኢን ዋን የሚሏትን ገዛችልኝ።

እቃዋ ስታምር! ትንሽ የእጅ ባትሪ ታህላለች። ቁልፏ አንድ ብቻ ነው፤ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት ትነሣለች፣ አምስት ጊዜ ሲጫኑት ትተኛለች። ጎኗ ላይ ፈሳሹ የሚታይባት ጠባብ መስኮት አላት። ካርቶኑ ላይ 1500 ሚሊ አምፔር፣ 2 ሚሊ ሊትር፣ 0.6 ኦም ይላል። አብረው ሁለት ትርፍ ኮይል (ፈሳሹን የሚያግለው ሽቦ) እና ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሦስት ጠርሙስ ፈሳሽ መጡ። ፈሳሹ ናና ናና ይላል። ጠርሙሱ ላይ 20 ሚሊ ግራም ተብሎ ተጽፏል።

ዘጠኝ ቀን ሞከርኳት። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ስቤ ራሴን አዞረኝ። ሳሉ ደግሞ ሌላ ነው። 24 ዓመት ያጨሰ ሰው እንደ ጀማሪ ልጅ ሲስል ረዳቴ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

ሁለተኛ፣ ታፈሳለች። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አድርጌያት ዘጌ ደርሼ ስመለስ ኪሴ እንደ ማር ተጣብቋል። ባለቤቴ አሽትታው “ሸሚዝህን የጥርስ ሳሙና አበላኸው እንዴ?” አለችኝ።

ሦስተኛ፣ በሰባተኛው ቀን የተቃጠለ ጨርቅ ጨርቅ አለችኝ። ኮይሉን ቀየርኩት። አዲሱን ኮይል ገና አንዴ ስስበው እሱም ተቃጠለ! አዲስ ካንዴላ አስገብተህ ሞተር ሳይነሣ ሲጠቁር አስቡት።

ባትሪዋን ግን አላማም። ጠዋት ሞልቼያት ማታ እስክገባ ታደርሰኛለች። መብራት የጠፋ ቀን ነው ችግሩ፤ ያኔ ተመልሼ ወደ ኒያላ ነኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። እቃዋ ናት ብልሹ ወይስ እኔ ነኝ አያያዝ ያላወቅሁ? ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው በየቀኑ ትሆናለች? እህቴ “ሌላ ልላክልህ?” እያለችኝ ነው፤ መልስ ልሰጣት ነው።

የሽምብጡ

ወንድሜ፣ እቃህ ጤነኛ ናት። የታመመው ጋብቻው ነው። እህትህ በደግነት ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን አጋብታብሃለች።

እኔ አምስት ዓመት ውጭ ኖሬያለሁ። ሦስቱን ዓመት እንዲህ ያለችውን ነው የያዝኩት። አንተ ሞተረኛ ስለሆንክ በሒሳብ ላስረዳህ። የባትሪዋ ጉልበት በአማካይ 3.7 ቮልት ነው። 3.7ን በ3.7 አባዛና ለኮይሉ 0.6 ኦም አካፍለው። 23 ዋት ገደማ ይመጣል። ያ ትልቅ እሳት ነው፤ በአንድ ስበት ብዙ እንፋሎት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ኮይል የሚፈልገው ቀለል ያለ ፈሳሽ ነው፤ 3 ወይም 6 ሚሊ ግራም። ያንተ ጠርሙስ 20 ነው። እንግሊዝም አውሮፓም በሕግ የተፈቀደው የመጨረሻ ጣሪያ ማለት ነው። ሳልት ኒክ (በጨው መልክ ያለ ኒኮቲን) የሚሉት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። እሱ የሚስማማው ባለ 1.2 ኦም ኮይል ነው። ያንኑ ሒሳብ በ1.2 ሥራው፤ 11 ዋት ይሰጥሃል። በግማሽ እሳት ትንሽ እንፋሎት፣ እንደ ሲጋራ ጠበብ ተደርጎ የሚሳብ።

አንተ ግን ጠንካራውን ፈሳሽ በትልቁ እሳት ጠጣኸው። ያዞረህ ኒኮቲን ነው። አረቄ በብርጭቆ ሳይሆን በጣሳ እንደ መጠጣት ቁጠረው።

የተቃጠለው ኮይል ጥፋቱ ያንተ ነው፤ አትቀየም። ኮይል ውስጥ ጥጥ አለ። ጥጡ ሳይርስ እሳት ከለቀቅክበት ይነዳል። ከነደደ በኋላ ጣዕሙ አይመለስም፤ ይጣላል። አዲስ ስታስገባ ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሦስት አራት ጠብታ አድርግበት። ከዚያ ታንከሯን ሙላና አስር ደቂቃ አቁመህ ተዋት። ያቺን አስር ደቂቃ ሁሉም ሰው ይሰርቃታል፤ እኔም ሁለት ኮይል አቃጥዬ ነው የተማርኩት። በደንብ የተያዘ ኮይል ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። በሰባት ቀን የሞተብህ የመጀመሪያው በተፈጥሮ ሞቱ ነው የሞተው። ፈሳሹ ጣፋጭ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል።

ማፍሰሷን በተመለከተ። መሐል ያለችው ቧንቧ የአየር መውጫ ናት። ስትሞላ ጠብታ እዚያ ከገባ ወይ አፍህ ይገባል ወይ ኪስህ። መስመሩን አታሳልፍ። የላስቲክ ቀለበቷንም እይ፤ ከተጣመመች ፈሳሽ ታሳልፋለች። አስተኝተህ አትያዛት፣ ቀጥ ብላ ትቁም። ፀሐይ ላይ ስትውል ውስጧ ያለው አየር ይሰፋና ፈሳሹን ይገፋዋል። አውሮፕላን ላይም እንዲሁ ነው። ሞልተህ ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነሥተህ 1,800 ሜትር ላይ ያለው ጣናችን ዘንድ ስትደርስ ሻንጣህ ናና ናና ይላል።

ቁም ነገሩ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ሦስት ጠርሙስ 30 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያ 0.6 በቀን 3 ሚሊ ሊትር ብትስብ አስር ቀን ነው። ከዚያስ? እኔ ውጭ እያለሁ ኮይል የምገዛው ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ካለ ሱቅ ነበር። ለዚያ ነው በየቀኑ የሆነችልኝ። ባሕር ዳር ስገባ ሁለት ሳምንት አላቆየችኝም፤ ኮይሉ አለቀ። ለአንተ ላም አለኝ በሰማይ ናት። ካንዴላው እንግሊዝ የሚሸጥ ሞተር ጀልባህ ላይ ትገጥማለህ?

አባይ ማዶ

አያ ሞተረኛው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ብለህ ራስህ ርዕሱ ላይ መልሰህ ምን ትጠይቀናለህ? 😄

እኔ ካቆምኩ አስራ ሁለት ዓመቴ ነው። በዐቢይ ጾም ጀመርኩ፣ “ለሃምሳ አምስት ቀን ብቻ” ብዬ ራሴን አታለልኩት። ለፋሲካ ዶሮው ሲመጣ ሲጋራው ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ሃምሳ አምስቱን ቀን ማባከን ቆጨኝ።

አንተ ደግሞ እንግዳህን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ አድርሰህ ስንት ሰዓት ትጠብቃለህ? እዚያ ጫካ ውስጥ ታጨሳለህ? አታጨስም። ስለዚህ ትችላለህ ማለት ነው። ሌላ እውቀት የለኝም፤ ቬፕ የሚባለውን ፔዳ በር ላይ ልጆች ሲያጨሱት ነው ያየሁት።

ፋርማሲዋ

ወንድም ዓለም፣ እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ማንም ያላነሣውን ላንሣ።

አንደኛ ሕጉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ሺሻም እዚያው ውስጥ ነው። የሽምብጡ ሱቅ የለም ያለው ለዚህ ነው፤ በድብቅ የሚሸጥ ካለም ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅልህም። እህትህ “ሌላ ልላክልህ” ስትል ይህን ታውቅ። ዕቃውን የሚያመጣላችሁ ሰው ጉምሩክ ላይ ቢያዝ የሚጨነቀው እሱ ነው። በዚያው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ረዳትህን ሱቅ እየላክህ ኒያላ የምታስገዛው ከሆነ እባክህ ተው። ደግሞ አፍህን በመታህ ልጅ እጅ!

ሁለተኛ ፈሳሹ። 20 ሚሊ ግራም የሚለው ለአንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ ያ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ። ከአንድ ሲጋራ ሰውነትህ የሚወስደው 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ናና ናና የሚል ጠርሙስ ሕፃን እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስብ። ቤትህ ልጅ ካለ ቆልፈው። ኪስህ ላይ ሲፈስም በጨርቅ ጠርገህ አትለፈው፤ ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። በውኃና በሳሙና ታጠበው።

ሦስተኛው እኔን የሚያሳስበኝ ነው። “መብራት የጠፋ ቀን ወደ ኒያላ ነኝ” ብለሃል። እሱ ማለት ሁለቱንም ይዘሃል ማለት ነው። ቬፕ ትምባሆ ስለማያቃጥል እንደ ሲጋራ ጭስ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም፤ ይህን አልክድም። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ሱሱም ያው ኒኮቲን ነው። ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ካልተካ ደግሞ ትርፉ ምንድን ነው? ሁለት ዕዳ።

ማቆም ከፈለግህ የኒኮቲን ማስቲካ አለ፤ ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊ ግራም። ጠዋት ከእንቅልፍህ በተነሣህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምታጨስ ከሆነ ባለ 4ቱ ነው ያንተ። እኛ ጋ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ጠይቅ፣ አስመጣ። አኛኘኩን ግን ዕወቅ። እንደ ተራ ማስቲካ ካኘክኸው ጨጓራህን ያቃጥልሃል፣ ስቅታም ያመጣብሃል። ሁለት ሦስቴ አኝከህ ምላስህን ቆንጠጥ ሲያደርግህ እንደ ጫት ጉንጭህ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ። ቁንጠጣው ሲጠፋ ደግሞ እንደገና። ከመጠቀምህ በፊት የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለብህ ሐኪም አማክር።

የሽምብጡ

@ፋርማሲዋ ልክ ነሽ እህት ዓለም። እኔ ግን በእሷ ነው ከሲጋራ የወጣሁት፤ ከ6 ሚሊ ግራም ወደ 3፣ ከ3 ወደ ዜሮ እያወረድኩ። ዓመት ፈጀብኝ። ፈሳሹ በየደረጃው በሕግ የሚሸጥበት አገር ስለነበርኩ ነው፤ እዚህ ያንን ደረጃ ከየት ያመጣዋል? በዚያ ተስማምተናል።

ሞባይል ጥገና ፔዳ

ጋሼ፣ ሁሉም ስለ ሳንባዎ አወሩ፤ ስለ ቤንዚኑ የነገረዎት የለም። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቬፑን የፈለጉት ጀልባ ላይ እሳት እንዳይኖር ነው። እንግዲህ ልንገርዎ፤ እሷም እሳት ናት።

ቁልፉን ሲጫኑ ውስጧ ያለው ሽቦ ይግላል። በሞላ ባትሪ፣ በ4.2 ቮልት፣ በዚያ በ0.6 ኦም 7 አምፔር ያልፍባታል። ስልክ ቻርጅ ሲያደርጉ የሚያልፈው 1 ወይም 2 አምፔር ነው። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል። ነበልባል ባይታይም ካርቡሬተር እየፈቱ ቬፕ መሳብ እዚያው ጥፊ ያስመታል።

ባትሪዋ ከውስጥ የተበየደች ሊቲየም ናት፤ ሲደክም እንደ እጅ ባትሪ ድንጋይ አይቀይሯትም። የእኔ ሱቅ የሚመጡት አብዛኞቹ ሁለት ምክንያት አላቸው፦ ወይ ውኃ ገብቷቸዋል ወይ በማይሆን ቻርጀር ተሞልተዋል። የእርስዎ ሥራ ሐይቅ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ከወደቀች አውጥተው እንዳያበሯት፣ ቻርጅም እንዳያደርጓት። ካርቶኑ ላይ 5 ቮልት 1 አምፔር የሚል ከሆነ በተራ ቻርጀር ይሙሏት። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ስለሚዘል ማከፋፈያው ላይ ሰክተው አይተኙ። ትራስ ሥር ደግሞ በፍጹም።

አካሏ ካበጠ ወይም ሳትሠራ ከሞቀች አልቋል፤ አይጠቀሙባት።

ሞተረኛው (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ኔትወርኩም ሥራውም አልተመቸኝም።

የቤንዚኑን ነገር ያላሰብኩት እኔ፣ ሃያ ዓመት ሞተር የፈታሁት ሰው ነኝ። ነበልባል ካላየን እሳት አይመስለንም። ለረዳቴ ነገርኩት። “እኔ መጀመሪያም ገርሞኝ ነበር፣ ግን ከእንግሊዝ መጣ ስትል የሚያውቁ ሰዎች የሠሩት ነው ብዬ ነው” አለኝ።

የቀረችውን አንድ ኮይል በየሽምብጡ ምክር አስገባሁ። ጠብታውን አደረግሁ፣ አስር ደቂቃዋን በሰዓት ጠበቅሁ። ልክ ነበር! አልተቃጠለም። ማፍሰሷም ቀረ፤ ሸሚዝ ኪሴን ትቼ ቀጥ አድርጌ የመሣሪያ ሳጥኔ ጥግ ላይ አቆምኳት። ማታ ቤት ደጅ ብቻ፣ አንድ ሁለቴ፣ አጠር አጠር አድርጌ ሳብኩ። ራሴን አላዞረኝም። እውነቱን ለመናገር ደስ ትላለች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ስስባት ባለቤቴ መስኮቷ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት አይታ “የምን አብሪ ትል ነው?” አለች።

በአስራ ሦስተኛው ቀን ኮይሉ ጠቆረ። ጠርሙስ ሙሉ ፈሳሽ ይዤ ቁጭ አልኩ። የሽምብጡ፣ ስለ ካንዴላው ያልከው ያኔ ገባኝ።

ሲጋራዬ አሁን በቀን ስድስት ሰባት ነው። ጀልባ ላይ ዜሮ። ቬፑ ያመጣው ነው ልበል የረዳቴ መዳፍ አላውቅም። ዘጌ ደጅ ስጠብቅ ሰዓት መያዝ ጀምሬያለሁ፤ አባይ ማዶ እንዳለው ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ ሲጋራ እቆያለሁ ለካ። ማስቲካውን ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅሁ፤ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ ተብያለሁ።

ለእህቴ አትላኪ አልኳት። ትንሽ ተከፋች፤ በገንዘቧ የገዛችው ነው። “ታዲያ ምን ልላክልህ?” ስትለኝ ለ15 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚሆን የውኃ ፓምፕ ላስቲክ አልኳት። እሱን እዚህ ሳፈላልግ ሁለት ወር ሆነኝ።

የቀረውን ፈሳሽ ሰው ጠይቆኝ አልሰጠሁም። የሚያበቃው እኔ ጋ ይሁን። አሁን የቀረኝ ባትሪዋ ነው። ሐይቁ ዳር ከእምቦጩ ጋር ልጥላት አልፈልግም፤ ቆሻሻ የሚያነሡት ልጆች ደግሞ ከሌላው ጋር ያቃጥሏታል። የት ነው የምትጣለው?

ሞባይል ጥገና ፔዳ

ጋሼ ይዘውልኝ ይምጡ። ባትሪዋን አወጣና እለካታለሁ። ደህና ከሆነች ለእጅ ባትሪ ትሆናለች፣ ጀልባዎ ላይ ማታ ማታ ይጠቀሙባታል። ካልሆነችም ከሌሎቹ የሞቱ የስልክ ባትሪዎች ጋር አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ታንከሯን ግን ቀድመው ያጽዱት፤ ባለፈው አንዱ ያመጣው ሲፈስ ጠረጴዛዬ ሳምንት ሙሉ ማስቲካ ማስቲካ ሸተተ። ማክሰኞ አልኖርም።